የኢየሩ ወንበሮች

መሰለች ባሏን የሰማችው ከግቢው ሽንት ቤት ጀርባ ነው። «ኔትወርክ እዚያ ይሻላል» ይላል ግዛቸው፤ እሷም እስከዚያ ዓርብ ጠዋት ድረስ አምናው ነበር። ባልዲዋን ቧንቧው ሥር ደቅና ውኃው እስኪሞላላት ስትጠብቅ ድምፁ በቆርቆሮው በኩል መጣ። «አርባ አምስት? ኧረ ኢየሩ፣ ይኼ እኮ የወንበሮቹን ዋጋ እንኳ አይሆንም» አለና ሳቀ። ከዚያ ዝም ብሎ አዳመጠ። «እሺ... እሺ፣ ግድ የለም። ለመሰለች እኔ ቀስ ብዬ እነግራታለሁ።» ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል፤ የመሰለች ጆሮ ግን ያን ቀን ወገን ሆነላት። ባልዲው ሞልቶ እግሯ ላይ ሲፈስ ቆማ ቀረች። ለሰው ቀስ ተብሎ የሚነገር ነገር እሷ የምታውቀው አንድ ብቻ ነው፤ እሱም መርዶ ነው።

መሰለች ቅናተኛ አይደለችም። ይህን የምትለው ራሷ መሰለች ናት፤ ሌላ ምስክር የለም። ኢየሩ ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ በሚወጣው መንገድ ዳር የወንዶች ጸጉር ቤት ያላት፣ ባሏን ፈትታ ብቻዋን የምትኖር፣ ራሷም ቶንዶስ ይዛ ከወንዶቹ እኩል የምትቆም ሴት ናት። ግዛቸው እሷ ዘንድ በፐርሰንት መሥራት ከጀመረ ስድስት ዓመት አልፎታል። ጠዋት በጊዜ ይሄዳል፣ ማታ አምሽቶ ይመጣል፤ ሲመጣም እግሩን ለብ ባለ ውኃ ዘፍዝፎ፣ እራቱን በልቶ፣ ዜናው ሳያልቅ ያንቀላፋል። እንቅልፍ የሚያጣት መሰለች ጎኗ የተጋደመውን ሰው እያየች ሒሳብ ትሠራለች፤ የተኛው ለእኔ፣ የነቃው ለኢየሩ። ወሬው፣ ቀልዱ፣ ብስጭቱ ሁሉ የሚያልቀው እዚያ ነው፤ ቤት የሚደርሰው የተረፈው ነው። ባልሽን ከኢየሩ ጋር እንዲህ ሲሆን አየሁት ያላት ሰው ኖሮ አያውቅም። ቢኖር ይሻላት ነበር። የታየ ነገር ቢያንስ ይጣሉበታል፤ ያልታየውን ምን ያደርጉታል?

እሷም የምትሠራው ሩቅ አይደለም። ሽሮ ሜዳ ካሉት የሀበሻ ልብስ ሱቆች በአንዱ ተቀጥራ ቀሚስ ትሸጣለች። ከሱቁ ተነስቶ ኢየሩ በር ለመድረስ ዳገቱን ትንሽ መውጣት ብቻ ነው የሚፈልገው፤ ሆኖም በነዚህ ሁሉ ዓመታት ጸጉር ቤቱን ረግጣው አታውቅም፤ ኩራቷ አይፈቅድላትም። ኩራቷ የሚፈቅድላት በማዶ በኩል ማለፍ ነው። አንገቷን ሳታዞር የምታይበት የራሷ ዘዴ ነበራት። ባለፈው ወር መንገዱ ሊሰፋ ስለሆነ ጸጉር ቤቱ ያለበት ረድፍ ይፈርሳል ተብሎ ግድግዳው ላይ ቀይ ቀለም ሲቀባ፣ ሰፈሩ ሁሉ አዘነ፤ መሰለች ግን በማግስቱ ቁስቋም ማርያም ሄዳ ጧፍ አበራች። ለምን እንዳበራች ለእመቤታችን እንኳ በግልጽ አልነገረቻትም። ግዛቸውም በዚያው ሰሞን የራሱን ቤት ለመክፈት ቆረጠ። መሰለች ያወጣችው የዕቁብ ገንዘብ ነበር፤ ከቀጨኔ መድኃኔዓለም ዝቅ ብሎ አንዲት ጠባብ ክፍል ተከራዩ፤ ለቅዳሜ ይከፈታል ተብሎ ለጎረቤት ተነገረ። ቀለሙ ተቀብቷል፣ መብራቱ ገብቷል። የቀረው ወንበርና መስታወት ነው። ስድስት ዓመት ሙሉ ስትጠብቀው የኖረችው ነገር አንድ ቀን ቀርቶት ሳለ ነው እንግዲህ ይህን ስልክ የሰማችው።

ቁርስ ላይ ግዛቸው የነገራት ግማሹን ነው። ልጃቸው ሮዳስ ደብተሯን አንግታ ከወጣች በኋላ፣ ዳቦውን እየቆረሰ፣ ኢየሩ ዕቃዋን ለኛ ልትሸጥልን ነው አላት። ሁለቱ ወንበር፣ ትልቁ መስታወት፣ የጸጉር ማጠቢያው ላቫንዲኖ፣ የደንበኛ መቀመጫው፣ ሁሉም በአርባ አምስት ሺህ። «ሌላ ሰው ቢሆን ዘጠና ያወጣል» አለና አየት አደረጋት። ቀሪውን እንዲነግራት ሻዩን እስኪጨርስ ጠበቀችው። ሻዩን ጨረሰ፤ ብርጭቆውን አስቀመጠ፤ አፉን ጠረገ። ነጋዴ ናትና መሰለች ዋጋ ምን እንደሚናገር ታውቃለች። በሱቋ መቶ ብር ለማስቀነስ በእናትና በአባታቸው የሚምሉ ሰዎች ሲገጥሟት ነው የምትውለው፤ እንዲሁ በግማሽ የሚሰጥ ሰው ግን አይታ አታውቅም። ሰው ዕቃውን በግማሽ የሚሰጠው ወይ ዕቃው ሲታመም፣ ወይ ገዢው ሲወደድ ነው። «መጀመሪያ ሌላ ቦታ እንይ» አለች። «ምን ያደርግልናል?» ሲላት «ዋጋ ማወቅ ያደርግልናል፤ እኔም እመጣለሁ፤ ከሥራ አስፈቅጃለሁ» አለችው። ያስፈቀደችው ግን ጫማዋን ስታጠልቅ በስልክ ነበር።

አዲሱ ገበያ አካባቢ ጉልላት የሚባል ያገለገለ ዕቃ የሚሸጥ ሰው አለ። ግቢው በሸራ የተሸፈነ ነው፤ ከተዘጉ ሆቴሎች የመጡ አልጋዎች፣ በራቸው በገመድ የታሰረ ፍሪጆች፣ አንድ እግራቸው የጎደለ የቢሮ ወንበሮች እርስ በርስ ተደጋግፈው ቆመዋል። የጸጉር ቤት ወንበሮቹ ከኋላ፣ አቧራ ለብሰው ነበር። ግዛቸው አንዱ ላይ ተቀምጦ ፓምፑን ረገጠ፤ ወንበሩ እንደመነሳት አለና ቀስ እያለ ይዞት ወረደ። ጉልላት «ዘይት ብቻ ነው የሚፈልገው» አለ፤ ሁሉም ያገለገለ ዕቃ ሻጭ የሚለውን። መሰለች የአንዱን ዋጋ ጠየቀች፤ የሌላውን ጠየቀች፤ መስታወቱን በጣቷ ጠርጋ ፊቷን አየችበት፤ ላቫንዲኖውን አንኳኳች። ሁሉም ተደምሮ፣ ተከራክራ ተከራክራ፣ ዘጠና ላይ ቆመ። «ከዚህ በታች የሚሰጥሽ ካገኘሽ እኔንም ጥሪኝ» አላት ጉልላት። በአርባ አምስት የተባሉ እንዳሉ ነገረችው። ሰውየው ሳቁን መለሰና ሁለቱንም ተራ በተራ አየ። «እህቴ፣ በዚህ ዘመን በዚያ ዋጋ የሚሰጥ ዘመድ ብቻ ነው። ዘመዳችሁ ናት?» አላት። መሰለች ባሏን አየችው። ባሏ የፍሪጅ በር ከፍቶ ውስጡን ይመለከት ጀመር፤ ፍሪጅ የመግዛት አሳብም አቅምም አልነበራቸውም።

ከዚያ ወደ ሽሮ ሜዳ በታክሲ ሄዱ። ታክሲው ሞልቶ ስለነበር ግዛቸው ከፊት፣ እሷ ከኋላ ተቀመጡ። ማጅራቱን እያየች ሄደች። ጠይቂው ይላታል አንዱ ልቧ፤ አትጠይቂው፣ ራሱ ይናገር ይላታል ሌላው። ስንት ጊዜ ጠይቃዋለች? «ዛሬ እንዴት ዋልክ?» ስትለው «ደህና» ይላል። «ማን መጣ?» ስትለው «ሰው ነዋ» ይላል። ሽሮ ሜዳ ሲወርዱ የሠፈሯ ነጋዴዎች «መሰለች፣ ዛሬ ከባልሽ ጋር ነሽ? ሰርግ አለ እንዴ?» እያሉ ቀለዱባት። ሳቀችላቸው። ዳገቱን ግን ለመጀመሪያ ጊዜ በማዶው ሳይሆን በዚህኛው በኩል ወጣችው።

ጸጉር ቤቱ ከውጪ ስታየው ከኖረችው ይልቅ ትንሽ ነው። ግድግዳው አረንጓዴ ተቀብቷል፤ አልኮልና የሕፃን ፓውደር ይሸታል። ሁለቱ ወንበሮች ቡናማ ቆዳ የለበሱ፣ የተወለወሉ፣ የአንደኛው ክንድ ላይ ያለው ስንጥቅ በጥንቃቄ የተሰፋ ነበር። ለዕቃው የምታወጣለት ጉድለት አጣች፤ ይህም አናደዳት። ይበልጥ ያናደዳት ግን ወለሉ ነው። ፕላስቲኩ ምንጣፍ በወንበሮቹ ጀርባ ሁለት ቦታ ተበልቷል፤ አበባው ጠፍቶ ጥቁሩ ወጥቷል። አንዱ የባሏ እግር የቆመበት ነው፤ ሌላው የኢየሩ። ጎን ለጎን ናቸው፤ ክንድ ከክንድ ሳይነካካ እዚያ ቆሞ መዋል አይቻልም። መሰለች ሁለቱን ጥቁር ቦታዎች አይታ አይታ፣ ቤት ያለውን አልጋቸውን አሰበች። አልጋቸው እንኳ እንዲህ አልተበላም።

«መሰለች! እግርሽ ረግጦን አያውቅም እኮ» አለች ኢየሩ፤ ሦስት ጊዜ ሳመቻት። አርባዎቹ ውስጥ የገባች፣ ቀጠን ያለች፣ ሽበቷን ያልደበቀች ሴት ናት። መሰለች ቆንጆ ሆና ብታገኛት ይቀላት ነበር፤ ቆንጆ አልነበረችም፤ የደከማትና ደግ ፊት ያላት ሴት ነበረች። ለቆንጆ ሴት የሚሆን መልስ አዘጋጅታ ነው የመጣችው፤ ለዚህችኛዋ ምን እንደሚባል አላወቀችም። ኢየሩ በመስኮቱ ብቅ ብላ ለጎረቤቷ ሻይ ቤት «ሦስት ሻይ! የግዛው ያለ ስኳር!» አለች። መሰለች ሁለት ነገር አንድ ላይ ሰማች። ግዛው ይባላል እዚህ፤ እሷ ግን ልጅ ከወለዱ ወዲህ የምትጠራው የሮዳስ አባት ብላ ነው። ሻይም ያለ ስኳር ይጠጣል።

«ቤት እኮ በሁለት ማንኪያ ነው የሚጠጣው» አለች።

«እንዴ፣ ስኳር ከተወ ቆየ እኮ! ጨጓራውን ስለሚያቃጥለው» አለች ኢየሩ፤ ከዚያ የተናገረችው ገባትና ፎጣ ማጠፍ ጀመረች።

«አንቺ ስትሰጪኝ ደግሞ እጠጣለሁ» አለ ግዛቸው፤ ነገሩን ያለሰለሰ መስሎት። የዛሬውን ጠዋት ጨምሮ ስንት ሻይ ይሆን እያቃጠለው የጠጣላት? አለመናገሩ ደግነት መሆኑን መሰለች አታጣውም። ግን ይህ ለእንግዳ የሚደረግ ደግነት ነው፤ ሰው ቤቱ ሲሆን «ስኳሩን ተይው» ይላል። ሻዩ መጣ፤ ስለ ዝናቡ ተወራ፤ ረድፉ መቼ እንደሚፈርስ ተወራ፤ ኢየሩ የሚፈርሰውን ግድግዳ ትናንት ሳይቀር መወልወሏን እየሳቀች ተናገረች። ግዛቸው በዚያ ቤት ውስጥ ሳይጠይቅ መሳቢያ ይከፍታል፣ ሳያይ መፍቻ ያነሳል። ግዛቸው ዕቃውን እንዲጭን የጠራው ሸፊ የሚባል የትንሽ ጭነት መኪና ሾፌር ደርሶ በሩ ላይ ገመዱን ማዘጋጀት ሲጀምር፣ መሰለች ብርጭቆዋን አስቀመጠች።

«ስንት ነው ያልሽው?»

«ለግዛው ነግሬዋለሁ እኮ። አርባ አምስት።»

«ገበያው ዘጠና ነው። ጠይቀን መጣን።»

«ልክ ነው» አለች ኢየሩ።

«እንግዲያው ዘጠና እንከፍላለን። የሰው ውለታ አንፈልግም።»

ሸፊ ከገመዱ ቀና አለ። ስንት ዕቃ ጭኗል፤ ዋጋ የሚጨምር ገዢ ሲያይ ግን የመጀመሪያው ነው። ኢየሩ ቀልድ መስሏት ሳቀች፤ የመሰለችን ፊት ስታይ ሳቋን ተወች። «ኧረ በሞቴ፣ ዘጠና አልወስድም» አለች። መሰለች ሰማንያ አምስት አለች። «ደስ እንዲልሽ ሃምሳ ይሁን» አለች ኢየሩ። «ሰማንያ፤ ከዚህ በታች ንቅንቅ አልልም» አለች መሰለች፤ ድምፅዋ ሽሮ ሜዳ ቆማ ከደንበኛ ጋር ስትከራከር የምታወጣው ድምፅ ነበር፤ የተገላበጠው ሒሳቡ ብቻ ነው። ሻጯ ዋጋ ልቀንስ ትላለች፤ ገዢዋ አይሆንም ትላለች። ግዛቸው በመካከላቸው ቆሞ የሶኬት ገመድ ይጠቀልል ነበር፤ ጠቅልሎ ሲጨርስ ፈታውና እንደገና መጠቅለል ጀመረ።

ኢየሩ ወደ እሱ ዞረች። «ግዛው፣ አልነገርካትም እንዴ?»

ላም እሳት ወለደች፤ እንዳትልሰው ፈጃት፣ እንዳትተወው ልጇ ሆነባት። ግዛቸው ገመዱን እያየ «ልነግራት ነበር» አለ። ኢየሩ ትንሽ ጠበቀችው። እንደማይናገር ሲገባት እጇን በሽርጧ ጠርጋ ራሷ ተናገረች። «ስሚኝ መሰለች። ግማሽ ያልኩት ቸር ሆኜ አይደለም። የምሸጥላችሁ አንዱን ወንበር ነው። ሌላው እናንተ ቤት ይቀመጥና እኔ እሠራበታለሁ፤ ደንበኞቼን ይዤ እመጣለሁ፤ ኪራዩን እንካፈላለን። እንዲህ ነበር የተባባልነው። ነግሮሽ የተስማማሽ መስሎኝ ነው እንጂ...» አለችና ጨመረች፤ «እኔም ከዚህ ሌላ የምገባበት የለኝም። በዚህ ዕድሜዬ ሰው በር ላይ ቆሜ ቅጠሩኝ ልበል?»

መሰለች ለመጀመሪያ ጊዜ ነገሩ ሁሉ ወለል ብሎ ታያት። ለካ ቤቱ ሲፈርስ የሚፈርስ ነገር አልነበረም። ሁለቱ ወንበሮች እዚህ እንደቆሙት ቀጨኔ ሄደው ጎን ለጎን ሊቆሙ ነው፤ እሷ በዕቁቧ በተከራየችው ክፍል፣ እሷ በመረጠችው ቀለም፣ ሌላ ምንጣፍ ላይ ሌላ ሁለት ጥቁር ቦታ ሊበላ ነው። ነገሩ ለሥራው መልካም መሆኑ አልጠፋትም። ነጋዴዋ መሰለች በጆሮዋ፣ ተቀበዪ፣ ሞኝ አትሁኚ፣ ግማሽ ገንዘብሽ ኪስሽ ይቀራል፣ ደንበኛ ይዛልሽ ትመጣለች፣ ሴትየዋም ሜዳ ላይ አትወድቅም አለቻት። ትክክል ነበረች። ሚስትየዋ መሰለች ግን መልስ እንኳ አልሰጠቻትም።

«ሁለቱንም ከገዛናቸው፣ ሁለቱም የኛ ናቸው ማለት ነው?»

ኢየሩ ሁለቱን ወንበሮች አየች። በመንገዱ አንድ አውቶቡስ ዳገቱን እያቃሰተ አለፈ። «ነው» አለች በመጨረሻ። ከዚያ ዞር ብላ «አንተስ ምን ትላለህ፣ ግዛው?»

«እ... ማለቴ...» አለ ግዛቸው፤ «ገንዘቡ በሷ ስም ነው።»

ሁለቱ ሴቶች ተያዩ። ያን ቀን በዚያ ቤት የተስማሙበት ነገር ቢኖር ያ ብቻ ነው፤ እኩል ታዘቡት። መሰለች ስልኳን አወጣች፤ የኢየሩን ቁጥር ተቀብላ ሰማንያ ሺህ ብር አስተላለፈች። የኢየሩ ስልክ ጮኸ። «ገባልሽ?» «ገባ።» ከዚያ ወዲያ ጭነት ብቻ ሆነ። የሰፈሩ ጫኝና አውራጆች እጃቸውን ሳያነሱ ድርሻቸውን ሊጠይቁ መጡ፤ ሸፊ ተጨቃጨቀ፤ ተከፈላቸው፤ ሲከፈላቸው ማገዝ ጀመሩ። መስታወቱ ሊወጣ ሲል ኢየሩ «ቆይ፣ ይሰበራል» ብላ ወደ ጓዳ ገባችና ብርድ ልብስ ይዛ መጣች፤ እስከ ማዕዘኖቹ እንደ ሕፃን ጠቀለለችው። መሰለች ብርድ ልብሱን ነገ እልክልሻለሁ አለቻት። «ይቅር፣ የመስታወቱ መጥረጊያ ይሁናችሁ» አለች ኢየሩ። ባዶው ቤት ውስጥ እጆቿን አጣጥፋ ቆማ ሸኘቻቸው። መሰለች አዘነችላት። ያዘነችላት ግን መኪናው ከተንቀሳቀሰ በኋላ ነው።

በመኪናው ጋቢና ውስጥ እሷ መካከል ተቀመጠች። ሸፊ ነገሩን ለማቅለል ስለ ነዳጅ ሰልፍ ብዙ አወራ፤ መልስ የሰጠው አልነበረም። መሰለች ደስ ብሏታል፤ መዋሸት አያስፈልግም። ጥርሷን ነክሳ ነው እንጂ እልል ማለት ያምራት ነበር። ስድስት ዓመት ያልሆነላት ነገር በአንድ የስልክ ቁልፍ ሆነላት። ቀኝ ትከሻዋ የባሏን ትከሻ ይነካል፤ መኪናው ሲዞር ይጫናታል፤ ሲቃና ግን ግዛቸው ጠጋ ብሎ እንደነበረው አይቆይም፤ ለማታውቀው መንገደኛ እንደሚደረገው ትንሽ ቦታ ይለቅላታል። ይህን ያየችው ቀጨኔ ሲደርሱ ነው፤ ደስታዋም ከዚያ ጀምሮ እየቀነሰ መጣ።

ፀሐይ ሳትጠልቅ ሁሉም ዕቃ ቦታ ቦታውን ያዘ። ክፍሏ ጠባብ ስለሆነች ሁለቱ ወንበሮች ከሌላው ጊዜ ይልቅ ተቀራረቡ። ግዛቸው መስታወቱን ሰቀለ፤ የላቫንዲኖውን ጎማ አሰረ፤ እሷ መፍቻ ስታቀብለው «እግዜር ይስጥልኝ» አላት። ምስማር ስታቀብለውም «እግዜር ይስጥልኝ» አላት። በአሥራ አንድ ዓመት ትዳራቸው እንዲህ አክብሯት አያውቅም። ቢጮህባት፣ ሰማንያ ሺህ በተነሽ ቢላት፣ መልሷ ምላሷ ጫፍ ላይ ነበር።

«ተቆጣህ?» አለችው።

«ለምን እቆጣለሁ? ደግ አደረግሽ።»

«ደንበኛ ይመጣል። ሰፈሩ ሰው አያጣም።»

«የኔዎቹ ይመጣሉ። የሷ አይመጡም፤ ደንበኛ የሚከተለው እጅ ነው እንጂ ወንበር አይደለም።»

ሁለተኛውን ወንበር በጨርቅ እየጠረገ ነበር፤ ማንም ሊቀመጥበት የማይመጣውን። መሰለች ስድስት ዓመት ያላወጣችውን ቃል ያን ጊዜ አወጣችው። «ትወዳታለህ?» አለችው። አይ ቢላት አታምነውም ነበር፤ አዎ ቢላት ታውቅበት ነበር። ግዛቸው ግን እጁን አቁሞ አሰበ። ከመልሱ ይልቅ ማሰቡ አመማት።

«እንደዚያ አይደለም» አለ።

«እንዴት ነው ታዲያ?»

«እኔ እንጃ። ከሷ ጋር ስሠራ... ቀኑ አይከብደኝም ነበር፤ በቃ።»

 መሰለች ምን ትላለች? ለዚህ የሚሆን ስድብ የለም፤ ለዚህ ሽማግሌ አይጠራም። ነጠላዋን አንስታ ልትሄድ በር ድረስ ደረሰች፤ ከዚያ ዞር ስትል ባሏን መስታወቱ ውስጥ አየችው። በሰሞኑ ግርግር ሳይቆረጥ ከርሞ ጸጉሩ ጆሮው ላይ ወርዷል፤ ማጅራቱ በቅሏል።

«ነገ እንዲህ ጎፍረህ ነው የምትከፍተው?» አለችው።

«ማን ይቆርጠኛል?» አለ ግዛቸው። ክፋት አልነበረበትም፤ አምልጦት ነው። ጸጉር አስተካካይ እጁ የገዛ ማጅራቱ ላይ አይደርስም፤ አጠገቡ የቆመው ባልደረባው ነው የሚቆርጠው፤ የሥራው ወግ እንዲህ ነው። መሰለች ግን አንድም ቀን አስባው አታውቅም። በየሁለት ሳምንቱ አምሮበት፣ ማጅራቱ ጸድቶ፣ ፓውደር ፓውደር እየሸተተ ሲመጣ፣ «አምሮብሃል» እያለች ነው ስትቀበለው የኖረችው። ያንን ጭንቅላት ማን እንደያዘው፣ ጆሮውን ማን እንዳጠፈው፣ አንገቱ ላይ ማን እንደተነፈሰ ጠይቃ አታውቅም።

ነጠላዋን አስቀመጠችና ቶንዶሱን ሶኬቱ ላይ ሰካችው።

«ተቀመጥ» አለችው።

«አትችዪም፣ ተይው።»

«ተቀመጥ አልኩህ።»

የፊቷን መልክ አይቶ ተቀመጠ። ፎጣውን አንገቱ ላይ አሰረችለት። ቶንዶሱን ስታበራው ማሽኑ እጇ ላይ እንደ ንብ ተንቀጠቀጠ፤ ግዛቸው ዓይኑን ጨፈነ። ገና ሳትነካው ጭንቅላቱ ራሱ ወደ ግራ ዘመም አለ፤ ጆሮውን ለመዳፍ አመቻቸ፤ አንድ እጅ ሁልጊዜ ከሚመጣበት ቦታ እንደሚመጣ አውቆ ጠበቀ። ፊቱ ላይ ያለው ዕረፍት መሰለች ቤቷ ውስጥ አይታው የማታውቀው ዕረፍት ነበር።

በመዳፏ ገፋ አድርጋ አቃናችው። «ቀና በል።»

«ልማድ ሆኖብኝ ነው» አለ ዓይኑን ሳይገልጥ።

«አውቄዋለሁ። ቀና በል።»

በቶንዶሱ ጫፍ ላይ የምትገባው፣ ጸጉሩን በልክ የምታስቀር ፕላስቲክ ማበጠሪያ ጠረጴዛው ላይ ነበረች። መሰለች አየቻት። ለምን እንደምታገለግልም ታውቃለች፤ የጸጉር አስተካካይ ሚስት ናት። እዚያው ተወቻትና ባዶውን ምላጭ ግንባሩ ላይ አሳርፋ፣ በመሀል አናቱ በኩል እስከ ማጅራቱ አንድ ጊዜ ነዳችው። ጸጉሩ ድብልብል እያለ ጭኑ ላይ ወደቀ። ግዛቸው ቅዝቃዜው ተሰማውና ዓይኑን ገለጠ። መስታወቱ ውስጥ አናቱ ለሁለት ተከፍሎ፣ በመካከሉ ባዶ ቆዳ ወጥቶ አየ። ነገ ጠዋት ሰፈሩ በሙሉ የሚመጣው ይህን ጭንቅላት አይቶ የራሱን ሊያስቆርጥ ነው።

«ነገ ሰው ሲጠይቅህ፣ ሚስቴ ናት የላጨችኝ በል» አለች መሰለች። ደንድና ልትናገረው ነበር፤ ድምፅዋ መሀል ላይ ከዳት፣ እንባዋም አብሮ መጣ።

ግዛቸው መስታወቱን ብዙ አየ። ራሱን ብቻ ሳይሆን ከኋላው የቆመችውንም፣ ቶንዶስ ይዛ የምታለቅሰውን ሴት አየ። ከዚያ ጭኑ ላይ የወደቀውን ጸጉር አራገፈ፤ ወንበሩ ላይ ተደላደለ፤ አንገቱን ወዴትም ሳያዘነብል ቀጥ አደረገው።

«ጨርሺው እንግዲህ» አላት።